ከአጅባር ወደ ሲቪል ምህንድስና

ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ትልቁ ፈተና መድፉ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱም ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት በጅዳና በበሽሎ ወንዞች ገደሎች ለማሳለፍ ዓለት ተፈልጧል፣ ቁልቁለቱ እየተጠረበ ተስተካክሏል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ ታይተዋል።

ያው የበሽሎ ሸለቆ ዛሬም የአማራ ሳይንት ወረዳን በሰሜን ያዋስናል። በዚሁ ወረዳ ያለችው የአጅባር ከተማ ተማሪ ሲቪል ምህንድስናን ሲመርጥ፣ የሚማረው ነገር ከደጁ ይጀምራል ማለት ነው።

ትምህርቱ 5 ዓመት ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ይበዛሉ፤ ብዙዎች የሚንገዳገዱትም እዚሁ ላይ ነው። ቀጥሎ የመዋቅር፣ የውሃ፣ የመንገድና የአፈር ትምህርቶች ይመጣሉ። ከሁሉም ለደጋ ልጅ ቅርቡ አፈር ነው። ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈ ቤት ግድግዳው ይተረተራል፣ አስፋልቱም ይጎብጣል። መሐንዲሱ ናሙናውን በቤተ ሙከራ ፈትኖ፣ አፈሩን ቆርጦ በተመረጠ አፈር ይተካል ወይም ከኖራ ጋር ያዋህዳል። ይህን ያቃለለ ሥራ ሲሚንቶ ቢከመርበትም አይድንም።

በአዲስ አበባ የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት ዕድሉ የጥቂቶች ነበር። ዛሬ ለወሎ ልጆች በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ።

ለመግባት ያሰባችሁ፣ ከአሁኑ ሒሳብን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በክረምትም የሰፈራችሁ ጎርፍ መንገዱን ከየት እንደሚቆርጠው ወጥታችሁ እዩ።