ሕይወት የሌለበት ኩሬ

የሐይቅ ደለል ለሚያጠና ሰው ዋናው ምስክር ዳያተም ነው፤ ቅርፊቱ ከሲሊካ የተሠራ፣ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ ዋቅላሚ። በወሎ፣ ከአምባሰል አጎራባች ካለው ሎጎ ሐይቅ ሥር በወጣ 8 ሜትር ደለል ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ይህን ቅርፊትና በጭቃው የቀረውን የዋቅላሚዎች ቀለም እየተከተለ 15,600 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐይቁ ከ12,000 እስከ 10,000 ዓመት በፊት እጅግ ጥልቅ እንደነበረ፣ የአፍሪካ እርጥበታማ ዘመንም ከ5,200 እስከ 4,600 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንዳበቃ ያወቅነው ከዚሁ ነው።

የማርስ ወሬ በተነሳ ቁጥር በዚያ ሕይወት ነበረ ወይ የሚለው ጥያቄ ወደ እኛ ወደ ደለል አጥኚዎች የሚመጣውም ለዚህ ይመስለኛል። የናሳዋ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈችው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ሐይቅ በነበረው ጀዜሮ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በ2024 ወደ ሐይቁ ይፈስ በነበረ ወንዝ ሸለቆ፣ ከጭቃ ከጠጠረ ድንጋይ ናሙና ወሰደች። ድንጋዩ እንደ ነብር ዝንጉርጉር ነው፤ ነጠብጣቦቹ ቪቪያናይትና ግሬጋይት የተባሉ የብረት ማዕድናት ሳይዙ አይቀሩም። ቪቪያናይት በእኛም ምድር በሐይቅ ጭቃ ውስጥ፣ ብስባሽ ባለበት ይፈጠራል። ያጓጓል፣ አልክድም።

ሆኖም የሎጎ ልምድ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ሎጎ ውስጥ ሕይወት ነበረ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የምንከራከረው የትኛው ዝርያ መቼ በዛ በሚለው ነው። ማርስ ላይ ግን ገና የመጀመሪያው ጥያቄ አልተመለሰም፤ እነዚያን ማዕድናት ያለ አንዳች ተሕዋስ ኬሚስትሪ ብቻውን ሊሠራቸው ይችላል። ለዚህ ሥራ ተማሪ ላሠልጥን ብባል ከወሎ ደጋ ቁልቁል ወደ አፋር፣ ወደ ዳሎል አሲዳማና ጨዋማ ኩሬዎች እልከዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዳሎል ላይ የተለያየ ነገር የሚሉ ጥናቶች ወጡ። አንዱ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት ቡድን ደግሞ አሲዱና ጨው አብረው በበረቱባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ይባስ ብሎ፣ ሕዋስ የሚመስሉ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች እዚያው በራሳቸው እንደሚፈጠሩ አሳየ። ሲሊካ፣ ያውም የእኛው የዳያተም ቅርፊት ማዕድን! ዳያተምን የምናምነው ክብ ወይም ሞላላ ስለሆነ አይደለም፤ በየዝርያው የማይዛነፍ የቀዳዳ ረድፍ ስላለውና ቀለሙም አብሮት ስለሚገኝ ነው። እንክብሉ ይህ ሁሉ የለውም።

እኔ ለሁለተኛው ጥናት አደላለሁ። «አገኘሁ» ማለት ዜና ይሆናል፤ «እዚህ የለም፣ የሚመስለው ግን አለ» የሚለው ለላቦራቶሪ ይበልጥ ይጠቅማል። የማርሱ ናሙና አንድ ቀን ምድር ከደረሰ ከሎጎ ደለል ጋር ብቻ ሳይሆን ከዳሎል ባዶ ኩሬ ዝቃጭም ጋር ጎን ለጎን ቢታይ እወዳለሁ።