ትንሣኤን አምሳ ቀን ማንበብ

የተወደዳችሁ አገልጋዮች፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ከየትኛው ክፍል ትሰብካላችሁ? በብዙ አጥቢያዎቻችን ትንሣኤ የአንድ ቀን ርዕስ ነው፤ በሳምንቱ ወደ ተለመደው ትምህርት እንመለሳለን። ሉቃስ ግን ጌታ ከሞት ከተነሣ በኋላ 40 ቀን ለሐዋርያት እየታየ እንዳስተማራቸው ይነግረናል (ሐዋ. 1፥3)። እነርሱ ይህን ያህል ጊዜ ካስፈለጋቸው፣ ምእመናን በአንድ ስብከት ጠግበው ይሄዳሉ ማለት አንችልም።

በ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ ዕርገት ግንቦት 13፣ ጰንጠቆስጤ ግንቦት 23 ቀን ነው። ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ይህን ወቅት «በዓለ ኀምሳ» ብለው ያለ ጾም ያሳልፉታል። ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት በሚጠቀሙበት የሦስት ዓመት የንባብ መደብም በእነዚህ ሳምንታት የብሉይ ኪዳን ንባብ ለሐዋርያት ሥራ ቦታውን ይለቅቃል። በተጓዳኝ 1ኛ ጴጥሮስ፣ 1ኛ ዮሐንስና የዮሐንስ ራእይ በየዓመቱ በተራ ይነበባሉ። በዚህም ጉባኤው መቃብሩ ባዶ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ትንሣኤው በሰዎች ሕይወት የሠራውንም ይሰማል።

የንባቦቹን አካሄድ ልብ በሉ። በዮሐንስ 20 ደቀ መዛሙርት በፍርሃት በር ዘግተው ተቀምጠዋል። በሉቃስ 24 ሁለቱ አዝነው ወደ ኤማሁስ ይሄዳሉ፤ እንጀራው ሲቆረስ ዓይናቸው ይከፈታል። በሐዋርያት ሥራ 2 እነዚያው ፈሪዎች በአደባባይ ይመሰክራሉ።

ይህ የመጨረሻው ንባብ በቦንጋና በካፋ ዞን ለምናገለግል ሰዎች ጥያቄ ያነሣል። በኢየሩሳሌም ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ በግሪክኛ ወይም በአራማይክ መግባባት ይችሉ ነበር። መንፈስ ቅዱስ ግን መግባባት ብቻ በቂ ነው አላለም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ (ሐዋ. 2፥8)። በገበያና በቢሮ በአማርኛ ጉዳዩን የሚፈጽም ሰው በለቅሶ ቤት በካፊኖኖ ያለቅሳል። የትንሣኤ ተስፋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው እዚያ ለቅሶ ቤት ነው። ተስፋውን በሰው ቋንቋ የሰማ፣ ሐዘን ሲመጣ የራሱ አድርጎ ለመያዝ ሊቸገር ይችላል።

ስለዚህ ይህን ሞክሩ። ከዳግም ትንሣኤ እስከ ጰንጠቆስጤ ባሉት ሰባት እሑዶች ክፍሉ አስቀድሞ በካፊኖኖ ይነበብ። ከንባቡ በኋላ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር ይተርኩ፤ ስብከቱ ከዚያ ይቀጥል። ቡና ተፈልቶ በሚጠናበት የቤት ኅብረት ደግሞ የኤማሁሱን ታሪክ አንብቡ፤ ለማዕድ ለተቀመጠ ሰው የቀረበ ንባብ ነውና።

ካፊኖኖ ላይ ግን አትቁሙ። በዞኑ ናኦና ጫራ የሚናገሩ ወገኖችም አሉ። ካፊኖኖ ተናጋሪው በአማርኛ ስብከት የሚጎድለው ነገር እነርሱንም በካፊኖኖ ስብከት ሊጎድላቸው ይችላል። እንግዲህ በጰንጠቆስጤ እሑድ ሐዋርያት ሥራ 2ን ከማንበባችሁ በፊት በጉባኤያችሁ ስንት የእናት ቋንቋ እንዳለ ቁጠሩ።