ተጨማሪ መረጃ፦ 8×25 ምን ማለት ነው?

በባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ አምባ ላይ ቆማችሁ 200 ሜትር ርቆ ፍልፈል የሚያድን ቀይ ቀበሮ አያችሁ እንበል። 8×25 የሚል ጽሑፍ ያለበትን የኪስ ባይኖኩላር ስታነሱ፣ ቀበሮው 25 ሜትር ላይ ያለ ያህል ጎልቶ ይታያችኋል። 8 የማጉላት አቅሙ ነው፤ 25 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ዲያሜትር በሚሊሜትር።

ብዙ ገዢ የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። ይህ ያሳስታል፤ 10 ጊዜ የሚያጎላ ባይኖኩላር የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ 10 ጊዜ ያጎላዋል። ይልቅ 25ን ለ8 አካፍሉ፤ 3.1 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ የመውጫ ብሌን ይባላል፤ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ዲያሜትር ነው። በጠራራ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ትንሹ ባይኖኩላር ይበቃል። ቀይ ቀበሮም የሚያድነው በቀን ነው። ሲመሽ ግን የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል። ያኔ ከጫካ ብቅ የሚል ድኩላ በ8×25 ሲታይ ይደበዝዛል፤ አንገት ላይ ቢከብድም 8×42 ይሻላል።

ሞክሩ፦ ባይኖኩላር ካገኛችሁ ከዓይናችሁ አርቃችሁ ያዙና ፀሐይ ወደሌለችበት ብሩህ ሰማይ አነጣጥሩ። በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ የሚታየውን ክብ ብርሃን በማስመሪያ ለኩ። ካላገኛችሁ የ10×25ን የመውጫ ብሌን አስሉ። በባይኖኩላር ፀሐይን ፈጽሞ አትመልከቱ፤ ዓይን ያጠፋል።