ለኮሚሽን ሻጭ የሚጻፍ መልእክት

ከቤቴል መርካቶ ለመውረድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው መንገዱን ነው። እስከ ጦር ኃይሎች አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፣ ሲደርስ ደግሞ ግፊያው። ለአንድ የልጅ ጫማ ይህን ሁሉ ከማየት ብዙ ሰው ስልኩን አንሥቶ «እስቲ ያ ጫማ አለሽ?» ብሎ ለሚያውቃት ይጽፋል። የሚጽፍላት ሴት ሱቅ የላትም፤ ቤቷ ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ እንኳ ላይኖር ይችላል። ያላት የቴሌግራም ቻናልና የሚያምኗት ጎረቤቶች፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦች፣ የዕድር ሰዎች ናቸው። ዕቃው ያለው መርካቶ፣ አስመጪው ወይም ጅምላ ሻጩ ዘንድ ነው። ከሸጠች ኮሚሽኗን ትቀበላለች፤ ካልሸጠች የዕለቱ ድካሟና የኢንተርኔት ወጪዋ ከንቱ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ባለሱቁ ለእሷና ለመሰሎቿ የሚልከውን መልእክት ነው። ገዥ አያየውም። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይጽፋሉ፤ አንዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ፎቶና ዋጋ የሚለጠፍበት ቻናል ነው። ሁለተኛው «ለሪሴለሮች» ወይም «በኮሚሽን ለምትሠሩ» የሚባለው የተዘጋ ግሩፕ ነው። እዚህኛው ላይ ፎቶው የባለሱቁ ስልክ ቁጥር ሳይታተምበት ይላካል፤ ሻጯ የራሷን ቁጥር ጨምራ እንድትለጥፈው ነው።

ደህና መልእክት ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጻፍ። «የዛሬ ዝርዝር። የሴት ቦት ጫማ፣ ጥቁሩ ከ37 እስከ 40 አለ። ቡናማው 38 አልቋል፣ ከቻናላችሁ አውርዱት። መሸጫው 3,200 ብር፣ የእናንተ 250። ከሰኞ ጀምሮ 3,400 ይገባል፤ እስከ እሑድ ማታ የታዘዘ በአሮጌው ዋጋ ይወጣል። ያለፈው ሳምንት ኮሚሽን ዛሬ ከ10 ሰዓት በኋላ ይላካል፤ ያልደረሰው ይጻፍልን።»

በዚህ ውስጥ ትልቁ ነገር ዋጋው ወይም ኮሚሽኑ ሊመስል ይችላል። በእኔ ግምት ከሁሉ የምትበልጠው «ቡናማው 38 አልቋል» የምትለዋ ናት። ሻጯ ቤቴል ተቀምጣ የመርካቶውን መደርደሪያ ማየት አትችልም። መልእክቱ ካልነገራት ያለቀውን ጫማ አለ ብላ ትሸጣለች፤ ገዥው ገንዘቡን ከላከ በኋላ «ይቅርታ፣ አልቋል» ይባላል። ገዥው ባለሱቁን አያውቀውም፤ የሚያውቀው እሷን ነው። በማግሥቱ ዳቦ ቤት ደጃፍ የሚያገኛትም እሷን ነው። ባለሱቁ አንድ ሽያጭ አጣ፤ እሷ ግን ስሟን አጣች።

ዋጋም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ቴሌግራም ላይ ባለቤቱ የለጠፈውን ቢያርም ቀደም ብሎ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይታረምም። ስለዚህ አሮጌው ዋጋ በየሻጩ ቻናል ላይ እንዳለ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ዋጋውን እንደገና ማስላቱ አይቀርም። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ፎቶውን ዝም ብሎ የሚያርም ባለሱቅ ሻጮቹን ሜዳ ላይ ይተዋቸዋል። «ከአሁን ሰዓት ጀምሮ የትናንቱ ዋጋ አይሠራም፣ የለጠፋችሁትን አጥፉ» ብሎ ለብቻው አዲስ መልእክት የሚጽፍ ግን ያድናቸዋል። ማስተካከያ ምንጊዜም ራሱን ችሎ መላክ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ለሻጭ ለብቻው መጻፍ ቴሌግራም ያመጣው ልማድ አይደለም። ዴቪድ ማኮኔል የተባለ አሜሪካዊ የመጽሐፍ አዟሪ እ.ኤ.አ. በ1886 የሽቶ ኩባንያ አቋቋመ፤ በኋላ ኤቮን የተባለው ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ይሸጡ የነበሩት ሴቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዋ የኒው ሃምፕሸር ነዋሪ ወይዘሮ አልቢ ነበሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1905 አውትሉክ የሚባል፣ ለእነዚህ ሻጮች የተዘጋጀ ሕትመት ጀመረ። ሽቶውን የምትገዛዋ ሴት የምታየው ካታሎጉን ነበር፤ ሻጯ ግን የራሷ ንባብ ነበራት።

እ.ኤ.አ. በ1996 አማዞንም በኮሚሽን ማሻሻጥን በኢንተርኔት ጀመረ። ለእያንዳንዱ አጋር የራሱ ምልክት ያለው ሊንክ ይሰጠዋል፤ ገዥ በዚያ ሊንክ ገብቶ ከገዛ ኮሚሽኑ ለማን እንደሚሄድ ኮምፒዩተሩ ያውቃል። እኛ ዘንድ ሊንኩን የሚተካው «በማን በኩል መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባለሱቁ ካልጠየቀ፣ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ከሆነ፣ የሻጯ ድርሻ ሊጠፋ ይችላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው ቁስል ይኸው ነው። ሻጯ ፎቶውን ባለበት ፎርዋርድ ካደረገችው የባለሱቁ ቻናል ስም ከላይ አብሮ ይታያል፤ ገዥው ስሙን ነክቶ በቀጥታ ወደ ምንጩ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላት ሻጭ የላኪውን ስም ደብቃ ትልካለች፣ ወይም ፎቶውን አውርዳ እንደ አዲስ ትለጥፋለች። ያም ሆኖ ዕቃው በሞተረኛ ሲደርስ የባለሱቁ ካርድ በፌስታሉ ውስጥ ከተገኘ የሚቀጥለው ግዢ ከእጇ ወጣ ማለት ነው። ደንበኛውን ያመጣው የእሷ እምነት ሆኖ ሳለ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። ባለሱቁ አቋሙን በግሩፑ ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት፦ በእናንተ በኩል የመጣ ደንበኛ ተመልሶ ቢመጣ ኮሚሽኑ የማን ነው? ለስንት ጊዜ? ገዥ ዕቃ ቢመልስስ?

በጽሑፍ ማስፈሩ በሕግም ዋጋ አለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። «250 ብር የእናንተ» ብሎ የጻፈ ነጋዴ ጽሑፉ ይዞታል። ሻጮችም ግሩፑ ላይ የተጻፈውን ስክሪንሾት አድርገው ቢያስቀምጡ መልካም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስለ ዕቃ አንድም ቃል ሳይኖረው «ሦስት ሰው አምጡ፣ በእያንዳንዱ ይከፈላችኋል» የሚል መልእክት የሚበዛበት ግሩፕ የኮሚሽን ሥራ አይደለም። የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። የእውነተኛው ኮሚሽን ምንጭ የተሸጠ ዕቃ ነው፤ መልእክቱም ስለ ዕቃው ያወራል።

የመልእክት ብዛትም ይጎዳል። በቀን አርባ ፎቶ የሚለጥፍ ባለሱቅ ሻጮቹ የግሩፑን ድምፅ እንዲዘጉ ያደርጋቸዋል፤ ያኔ የዋጋ ለውጡም ሳይታይ ያልፋል። «ጀግኖች በርቱ፣ ዛሬ የእናንተ ቀን ነው» የሚለውም ያው ነው። የሰው ብርታት የሚጨምረው ኮሚሽኑ በተባለበት ሰዓት ሲገባ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትንሽ ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ «ወር ሲሞላ እናስባለን» የሚለው ምክንያት ቀንሷል።

ወኪል የምታሠሩ ነጋዴዎች፣ የዋጋ ለውጡን ለገዥ ከመለጠፋችሁ በፊት ለሻጮቻችሁ ንገሯቸው፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢደርሳቸው እንኳ ይበቃል። ያለቀውንም እንዳለቀ ወዲያው ጻፉ። ስለ ክፍያ ስትጠየቁ የምትሰጡትን መልስ ደግሞ ለጠያቂዋ በውስጥ መስመር ብቻ ሳይሆን ሁሉም በሚያነብበት ግሩፕ ላይ አድርጉት።