የስክሪን ሰዓትና የወጣቶች የአእምሮ ደኅንነት፦ ማስረጃውን እንዴት እናንብብ?



ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ የወጣቶችን የአእምሮ ደኅንነት ይጎዳሉን? ይህ ጥያቄ ከወላጆች ጭንቀት አልፎ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ደርሷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ መለያ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ አጽድቃለች። እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚቆምበትን ማስረጃ መመርመር ደግሞ የእኛ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ድርሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕሽቢልስኪ ያሳተሙትን ጥናት እንመልከት። ተመራማሪዎቹ አዲስ መጠይቅ አልበተኑም፤ በአሜሪካና በብሪታንያ ቀደም ብለው የተሰበሰቡ የሦስት ታላላቅ ጥናቶችን መረጃ ወሰዱ። በድምሩ የ355,358 ወጣቶች ምላሽ ነበር። ያሳሰባቸው ነገር ይህ ነው፦ ያው አንድ መረጃ እንደ ተንታኙ ምርጫ የተለያየ መልስ ይሰጣል። «ደኅንነት» የምንለው በየትኞቹ ጥያቄዎች ይለካ? «የቴክኖሎጂ አጠቃቀም» ቴሌቪዥንን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? የቤተሰብ ገቢ በቁጥጥር ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር? በብሪታንያው መረጃ ብቻ ምክንያታዊ የሆኑት የትንተና መንገዶች ከ600 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አንድ ተመራማሪ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ውጤቱን ሲያቀርብ፣ የቀሩትን መንገዶች አንባቢ አያያቸውም። ኦርበንና ፕሽቢልስኪ ግን ብዛት ያላቸውን መንገዶች አስልተው ውጤቶቹን ጎን ለጎን አሰለፏቸው።

ተዛምዶው አሉታዊ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን በወጣቶቹ ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ የሚያብራራ ነበር። መነጽር ማድረግ ከዚህ የበረታ አሉታዊ ተዛምዶ አሳይቷል፤ ድንች አዘውትሮ መብላት ደግሞ ወደዚሁ የተጠጋ። (ብዙ ጋዜጦች ዘዴውን ትተው ድንቹን ማንሳታቸው አያስገርምም።) ድንች ያስከፋል የሚል የለም። ንጽጽሩ የሚያስተምረው ስለ ናሙና መጠን ነው፦ ተሳታፊዎች በመቶ ሺህ ሲቆጠሩ እጅግ ደካማ ተዛምዶም ቢሆን «በስታቲስቲክስ ጉልህ» ሆኖ ይወጣል። ጉልህ መባሉ ግን ትልቅ ነው ማለት አይደለም። በአንጻሩ በእኩዮች መጠቃት ከአንደኛው መረጃ እንደታየው ከአራት እጥፍ በላይ የከበደ ተዛምዶ ነበረው።

ታዲያ ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘጋ ማለት ነውን? አይመስለኝም። አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ኦርበን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመችው ሌላ ጥናት፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም መጨመር ከዓመት በኋላ ከሚታይ የሕይወት እርካታ መቀነስ ጋር የሚያያዝባቸው ዕድሜዎች ተለይተዋል፦ ለሴቶች ከ11 እስከ 13፣ ለወንዶች 14 እና 15፣ ለሁለቱም ደግሞ 19 ዓመት ገደማ። ግንኙነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ታይቷል፤ እርካታው የቀነሰ ወጣት በኋላ ላይ አጠቃቀሙን ይጨምራል። «የትኛው ቀደመ?» ብሎ አንዱን ብቻ መጠየቅ ስለዚህ ያሳስታል።

የመለኪያውም ነገር አለ። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የሚመሠረቱት «በቀን ስንት ሰዓት ትጠቀማለህ?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የጥናቶች ጥናት፣ ሰዎች የሚገምቱት ሰዓትና መሣሪያው የመዘገበው ሰዓት የሚስማሙት በመጠኑ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል።

በአገራችን ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምታዘጋጁ ይህ ችግር ድርብ ነው። አንድ ስልክ ለወንድምና ለእኅት በሚያገለግልበት ቤት የመሣሪያው መዝገብ የማንን ሰዓት ይነግረናል? የኢንተርኔት ጥቅል ሲያልቅ የሚቋረጥን አጠቃቀም «በቀን» ብሎ መለካትስ እንዴት ይቻላል? ከውጭ የመጣን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ መበተን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም። ከመረጃ ስብሰባው በፊት ጥቂት ተማሪዎችን አስቀምጣችሁ፣ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት በራሳቸው ቃል ያስረዷችሁ። የትንተና መንገዳችሁንም ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ጽፋችሁ ለአማካሪያችሁ አስረክቡ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።