ከገበታ የተገፉ ልጆች

ምግብ ቀርቦ ልጁ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይጨርስ አንገቱ መውደቅ ይጀምራል። ራሱ ወደ ደረቱ ያዘነብላል፣ ቀና ይላል፣ መልሶ ያዘነብላል፤ በደቂቃ ከ5 እስከ 20 ጊዜ። ዓይኑ ፈዟል፤ ቢጠሩትም አይሰማም። ወንድም እህቶቹ ሳህናቸውን ይዘው ዘወር ይላሉ፤ በምራቁ ይጋባል ተብሏልና። ውሎ ሲያድር ሳህኑም መኝታውም ለብቻው ይሆናል።

ሐኪሞች ኖዲንግ ሲንድረም የሚሉት ይህ ሕመም በደቡብ ሱዳን ከጁባ በስተ ምዕራብ፣ ሙንድሪና ማሪዲ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቤት ሲያፈርስ ኖሯል። የሚይዘው ደህና ሆነው ያደጉ ልጆችን ነው። ራስ መጣሉ ውሎ አድሮ ወደለየለት የሚጥል በሽታ ይዞራል፤ ዕድገት ይቀጭጫል፣ አእምሮም ይደክማል።

ወላጅን የሚሰብረውም ይኸው ነው። ትናንት ውኃ ሲቀዳ የነበረ ልጅ ዛሬ ምድጃ ላይ ይወድቃል። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ከእሳትና ከወንዝ ይድናል በሚል ቤት የሚዘጋበትም አለ። ከውጭ ላየው ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ጥበቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ማሪዲ ላይ በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ከነዋሪው 4.4 በመቶው የሚጥል በሽታ ተገኝቶበታል፤ በአካባቢው ካለ ግድብ አጠገብ ባለ ሰፈር ደግሞ 12 በመቶ ተጠግቷል። በ1990 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ያገኘው ከሺህ ሰው 5 ያህል ነበር። ልዩነቱ ከውኃው ጋር የተያያዘ ነው። ከግድቡ በሚፈስሰው ፈጣን ውኃ ላይ ጥቁር ዝንብ ይራባል፤ ንክሻውም የኦንኮሰርኪያሲስን ትል ያስተላልፋል፤ ዓይን የሚያጠፋው ይኸው ትል በምዕራብ ኢትዮጵያም ይገኛል። እንዴት ራስ እስከ መጣል እንደሚያደርስ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ትሉ በበዛበት ሕመሙም መብዛቱ ግን ታይቷል።

መከላከያው ኢቨርሜክቲን ከ1987 ጀምሮ በነፃ ይታደላል። ትሉ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚኖር ዕደላው ለዓመታት ሳይቋረጥ መቀጠል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጁባ ላይ የተነሣውና በሐምሌ 2016 ያገረሸው ጦርነት ማሪዲ ወደሚገኝበት ምዕራብ ኢኳቶሪያ ሲዘልቅ ግን መድኃኒቱም አዳዩም ተበተኑ። ከ2019 ወዲህ የማሪዲ ሰዎች ዝንቡ የሚራባበትን ሣርና ቁጥቋጦ ከውኃው ላይ ይመነጥራሉ፤ ከ2021 ጀምሮም ኢቨርሜክቲን በዓመት ሁለት ጊዜ መታደል ጀመረ። አዲስ የሚያዙ ልጆች ቁጥርም ቀንሷል።

ቀድሞ ለታመሙትም ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። ርካሽ ናቸው፤ በየቀኑ ከተወሰዱ የብዙዎቹ መጣል ይቀንሳል፤ አንዳንዶቹም ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ድንገት ከተቋረጡ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። መንገዱ በጥይት ወይም በዝናብ ሲዘጋ የሚቋረጡትም እነዚሁ ክኒኖች ናቸው።

በእኛም አገር የሚጥል በሽታ የያዘውን ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ ለመንካት ግን የሚፈሩ ብዙ ናቸው። እዚያም እዚህም ለወላጅ ልጅህን አትግፋ ብሎ መስበክ ብቻ አይበቃም። ልጁ ወደ ገበታው የሚመለሰው ክኒኑ በየወሩ ሳይጓደል ሲደርስና በሽታው እንደማይጋባ የሚነግር ጤና ባለሙያ ደጅ ድረስ ሲመጣ ነው። ይህን ማድረስ የመንግሥትና የለጋሾች ዕዳ ነው፤ እናት ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም።