የጃፓንን ሥዕላዊ ታሪክ በልክ ስለ መውደድ

በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም ያለን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጃፓን አገር የሚመጣውን ሥዕላዊ ታሪክ ምን ያህል እንደምንወድ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፥ በዕረፍት ሰዓት ወደ ክፍላችን ገብቶ የደብተሮቻችንን የመጨረሻ ገጽ ይግለጥ። ፀጉሩ እንደ ጃርት እሾህ የቆመ ልጅ፥ ዐይኗ የፊቷን እኩሌታ የያዘ ልጃገረድ፥ በግንባሩ ላይ ብረት ያሰረ ተዋጊ ያገኛል። እኔም ከነዚሁ ወዳጆች አንዷ ነኝ። ይሁን እንጂ ወዳጅ መሆንና ልክፍተኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፥ ስለ ልዩነታቸው የማስበውን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለመግለጽ ወደድሁ።

አስቀድሜ የነገሩን ምንነት ለማያውቁ፥ ይልቁንም መጽሔቱን ለሚያነቡልን ወላጆቻችን፥ በጥቂቱ ላስረዳ። ጃፓኖች በሥዕል የሚተረከው ታሪክ በመጽሐፍ ሲታተም «ማንጋ»፥ ሥዕሉ ተንቀሳቅሶ በቴሌቪዥንና በሲኒማ ሲታይ «አኒሜ» ይሉታል። መጽሐፉ የሚነበበው እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ማንጋ የሚለው ስም አዲስ አይደለም፤ ሆኩሳይ የተባለው ዝነኛ ሠዓሊ በ1814 (የጃፓንን ታሪክ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ማሳተም ለጀመራቸው የሥዕል መጻሕፍት ይህንኑ ስም ሰጥቷቸዋል። የዛሬውን መልክ በማስያዝ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ግን ኦሳሙ ቴዙካ ነው። ይህ ሰው ሕክምና ተምሮ ሳለ ሥዕልን መረጠ። በ1952 ስለ አንድ በሰው እጅ የተሠራ የብረት ልጅ መጻፍ ጀመረ፤ ይኸው ታሪክ ከ1963 መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ታየ። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ይህን ሁሉ ለየሳምንቱ መሣል ስለማይቻል፥ የቴዙካ ሠራተኞች አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያህል እያቆዩ፥ ሌላው አካል ሳይነቃነቅ አፍና ዐይን ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ ያየዋል።

ይህ ዐይነት ሥራ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ክፍል ከፋፍለው፥ በየክፍሉ ሥር ቃሉን ጽፈው ሲተርኩ ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ሲመለከተን፥ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ጃፓኖችም የባለታሪካቸውን ልብ የሚያሳዩን በዐይኑ ነው። እኔን ወደ ማንጋ የሳበኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማንጋ በጃፓን አገር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ተጠናቅቆ በአንድ ጥራዝ አይደለም። በየሳምንቱ በሚታተም መጽሔት ላይ ከአንዱ ታሪክ ሃያ ገጽ ያህል ብቻ ይወጣል። ከነዚህ መጽሔቶች ሁሉ የታወቀው፥ በ1968 የተመሠረተው «ሾነን ጃምፕ»፥ በ1995 ገደማ የአንዱ ሳምንት እትም ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ይታተም ነበር። አንባቢዎች የወደዱትን ታሪክ በፖስታ ካርድ እየጻፉ ይልካሉ፤ ድምፅ ያጣ ታሪክ ይቋረጣል። ስለዚህ ደራሲው እንጀራው እንዳይቀርበት፥ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ሳለ የሳምንቱን ክፍል መቁረጥ አለበት። «ቀጣዩን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» የምንለው እኛ ደካሞች ስለ ሆን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ እንድንል ሆኖ ተሠርቷል።

ነገር ግን ጃፓናዊው ልጅ ቀጣዩን የቱንም ያህል ቢመኝ በማግሥቱ አያገኘውም። እስከሚመጣው ሳምንት ድረስ ትምህርቱን ይማራል፥ ኳሱን ይጫወታል፥ ይተኛል። ማሳሺ ኪሺሞቶ «ናሩቶ»ን በ1999 ጀምሮ በ2014 ሲጨርስ 700 ምዕራፍ ደርሶ ነበር። በ10 ዓመቱ ማንበብ የጀመረ ልጅ ታሪኩ ሲያልቅ 25 ዓመት ሞልቶት፥ ምናልባትም ሥራ ይዞ፥ ትዳር ይዞ ነበር ማለት ነው። ታሪኩ ከዕድሜው ጋር እየሄደ ያልቃል እንጂ ዕድሜውን አይበላውም።

ወደ እኛ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ፊልም ከሚጭኑት ሱቆች ፍላሽ ይዞ የሄደ ልጅ ያን የ15 ዓመት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ በኪሱ ይዞ ይመለሳል። በሳምንትና በሳምንት መካከል የነበረው አጥር በመንገድ ላይ ቀርቷል። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ እናስላው። የናሩቶ አኒሜ ሁለቱም ክፍል ሲደመር 720 ነው። አንዱ ክፍል 23 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፥ በጠቅላላው 276 ሰዓት ይሆናል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብንመነዝረው 414 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሒሳብ በሳምንት አምስት ጊዜ ቢሰጥ 83 ሳምንት፥ ማለት የሁለት ዓመት የሒሳብ ትምህርት ነው። ይህ አንዱ ታሪክ ብቻ ነው፤ በ1997 ተጀምሮ እስካሁን ያላለቀው «ዋን ፒስ» ከ1,100 ክፍል በላይ አልፏል። ከ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችን እናስታውሳለን። ጥፋቱ የሥዕል ነው ማለቴ አይደለም፤ ጦርነቱም፥ ኮሮናውም፥ የመጻሕፍት እጦቱም ነበረ። ግን 414 ክፍለ ጊዜ በዋዛ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ይህን ስጽፍ የማስበው የአጎቴን ልጅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ. ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፥ ብቻውን ጓዳ ገብቶ ባና ተከናንቦ ማየት ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ይተኛል፤ መብራት ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ይነሣል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ቀንና ሌሊቱ ተገላብጦበት ስለ ነበር ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ጀመር፤ በዚያ ዓመት ከክፍል ወደቀ። ቤተሰቡን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነው ግን ክፍል መድገሙ አይደለም። የአያታችን ተዝካር በግቢው ውስጥ ሲበላ፥ ዘመድ ሁሉ ከግሼ ራቤል ድረስ በእግሩ መጥቶ ሳለ፥ እርሱ ከጓዳ አልወጣም። ስለ ታሪኩ ከማያውቅ ሰው ጋር መነጋገር ትቶ ነበር። የአጎቴ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እጁ ለሥዕል የተባረከ ነው።

ጃፓኖች ለዚህ ዐይነት ሰው «ኦታኩ» የሚል ስም አላቸው። የቃሉ መነሻ «የእርስዎ ቤት» ማለት ሲሆን፥ እንደ እኛ «አንቱ» በአክብሮት ለማነጋገር ያገለግላል። የሥዕል ታሪክ ወዳጆች በዕድሜ እኩያ ሳሉ እርስ በርሳቸው አንቱ መባባላቸውን አይቶ፥ አኪዮ ናካሞሪ የተባለ ጸሐፊ በ1983 ስሙን ለመዘበት አወጣላቸው። አስቡት፥ ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስኩ ላይ ተገናኝተው «እንደምን አደሩ፥ የትኛው ክፍል ደረሱ?» ሲባባሉ! ዛሬ ቃሉ በጃፓን ለዝቦ፥ ብዙዎች በደስታ ራሳቸውን ይጠሩበታል። እኔ ግን የመጀመሪያው ትርጓሜ ይበልጥ ያስተምረኛል፤ ለእኩያው አንቱ የሚል ሰው በመካከላቸው ርቀት አለና።

ታዲያ አጥሩን ከየት እናምጣ? መንዜ ይህን ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ጓሳ አለለት። አባቶቻችን ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለከብትም የሚፈለግ ሀብት ነው፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፥ ማንም አይገባበትም። በበጋ ሲከፈት ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል፤ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ከ1967 ዓ. ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ላልቶ ሜዳው ተጎድቶ ነበር፤ ኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ እዚያ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ልብ በሉ፤ አባቶች ጓሳን የዘጉት ሣሩን ጠልተው አይደለም።

እኔም በራሴ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ፍላሹ ያለው በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ማታ፥ ውኃው ተቀድቶ እንጀራው ተጋግሮ ካበቃ በኋላ፥ ሁለት ክፍል አያለሁ። በዚህ አካሄድ ናሩቶን ለመጨረስ 360 ሳምንት ያስፈልገኛል፤ ጓደኞቼ ሲሰሙ ይሥቃሉ። የሚያስቅ አይመስለኝም፤ በመካከሉ ባሉት ቀናት ታሪኩን በሐሳቤ እየቀጠልሁ ስለምውል፥ ከሚሮጡት ይልቅ እኔ ሳላጣጥም አልቀርም። እንዲሁም በአንድ መቀመጫ የሚያልቁትን ሥራዎች እመርጣለሁ። የሃያኦ ሚያዛኪ ሥራ የሆነው፥ በ2001 ወጥቶ በ2003 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ስለ ቺሂሮ የሚናገረው ፊልም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ከነዚህ አጫጭሮች አንዱን ከአያቴ ጋር አየሁት። ኢሳኦ ታካሃታ በ1988 የሠራው «የአብሪ ጥንዚዛዎች መቃብር» ነው። በ1945 ኮቤ ከተማ በአውሮፕላን ስትቃጠል እናታቸው የሞተችባቸው ወንድምና እኅት፥ ከዘመድ ቤት ወጥተው ብቻቸውን ሲኖሩ፥ የ4 ዓመቷ ሕፃን በረኀብ ትሞታለች። አያቴ ጃፓንኛም እንግሊዝኛም አታውቅም፤ እሳት ዳር ጥጥ እየፈተለች በጎን ትመለከት ነበር። ሕፃኒቱ ጠጠሩን ከረሜላ ነው ብላ ስትመጥ፥ አያቴ እንዝርቷን አቆመች።

«አንቺ ልጅ፥ ይህች ሕፃን እህል አጥታ ነው?» አለችኝ።

«አዎን እማማ።»

«አገሯ ወዴት ነው?»

«ጃፓን ነው።»

ዝም ብላ ቆየችና «ጃፓንም ይራብ ኖሯል?» አለች። ከዚያም ስለ ሰባ ሰባቱ ረኀብ፥ በዚያን ጊዜ ስላጣችው ታናሽ ወንድሟ፥ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን እስከ እኩለ ሌሊት ነገረችኝ። ብቻዬን ጓዳ ገብቼ ባየው ኖሮ ይህን አልሰማም ነበር።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ደግሞ «ከጃፓን ጋር ምን አላችሁ? ጨርሶ ተዉት» ይሉናል። በአክብሮት እመልሳለሁ፤ ይህን መንገድ የጀመረው የእኛው አገር ሰው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ተወላጅ ናቸው። በ1924 ዓ. ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሄደው፥ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የ1923 ዓ. ም. ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓን ሕግ ብዙ ወስዷል። ታዲያ በዚያ ዘመን ብዙዎች ጃፓንን እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ በችግር ቀን ትደርስልናለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በ1928 ዓ. ም. ጣሊያን ሲወረን ግን ጦር አልላከችልንም፤ በ1929 ዓ. ም. እንዲያውም የጣሊያንን ገዥነት ዐወቀች። ጃፓን የራሷ ጉዳይ ያላት አገር እንጂ የእኛ ምኞት አልነበረችም። በሥዕል የምናያት ጃፓንም እንዲሁ ናት፤ የእውነተኛው አገር ተማሪዎች ክፍላቸውን በገዛ እጃቸው ይጠርጋሉ፥ ለመግቢያ ፈተና ሌሊት ያጠናሉ።

በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍል ስለ ሆንሁ፥ ከጥምቀት ጀምሮ እናቴ ሣጥኑን ቈልፋዋለች፤ የሚከፈተውም ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ያቆምሁት 214ኛው ክፍል ላይ ነው። እስከዚያው ድረስ ፍጻሜውን ያያችሁ ጓደኞቼ፥ እባካችሁ አትንገሩኝ።